ይህን ሰውዬ እስከ መጨረሻው ታገሠው

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ስልኬን አልጋው ላይ ወርውሬ «አንተ ደንቆሮ!» ብዬ ጮህኩ። ባለቤቴ ባንና «ማንን ነው?» አለችኝ። «ፒየርን» አልኳት። «ፒየር ደግሞ ማነው?» አለች። «አንድ ሩሲያዊ ነው፤ የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት የነበረ» ስላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ስለ ሰሞኑ ጉዳይ አልጽፍም። ስለ አንድ ልብ ወለድ ነው የምጽፈው። ግን አትቸኩሉ፤ ዞሮ ዞሮ ወደ ሰፈራችን መምጣቱ አይቀርም።

መጽሐፉ የሊዮ ቶልስቶይ «ጦርነትና ሰላም» ነው። በፒዲኤፍ ስልኬ ላይ ነው ያነበብኩት፤ በእንግሊዝኛ ትርጉሙ። የታክሲ ሰልፍ ላይ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ልጄን እያስተኛሁ። አራት ወር ፈጀብኝ። በወረቀት ከታተመ ከ1,200 ገጽ በላይ ነው፤ 361 አጫጭር ምዕራፎች አሉት፤ የገጸ ባሕርያቱ ቁጥር ከ500 ያልፋል። የመጀመሪያዎቹን መቶ ገጾች ያነበብኩት ማን የማን ልጅ እንደሆነ በደብተር እየጻፍኩ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1805 ነው። ናፖሊዮን አውሮፓን እያተራመሰ ነው፤ የሩሲያ መኳንንት ደግሞ ሴንት ፒተርስበርግ ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብለው በፈረንሳይኛ ፈረንሳይን ይሰድባሉ። በዚህ መሐል ወፍራም፣ መነጽር ያደረገ፣ እጁን የት እንደሚያስቀምጥ የማያውቅ ወጣት ይገባና ናፖሊዮንን ማሞገስ ይጀምራል። ፒየር ቤዙኾቭ ይኸው ነው። ከዚያች ምሽት ጀምሮ 1,200 ገጽ ሙሉ ያናድዳችኋል።

* * *

ምን አደረገ? እስቲ ልዘርዝር።

ጥሩ ጓደኛው ልዑል አንድሬይ «እባክህ እነዚያ ሰካራሞች ጋ አትሂድ» ብሎ ይለምነዋል። «በክብሬ እምላለሁ፣ አልሄድም» ይላል። ከዚያ ቤት ወጥቶ ሠረገላ ላይ ሲሳፈር፣ ቃል መግባት ማለት እኮ ያን ያህል ትርጉም ያለው ነገር አይደለም ብሎ ራሱን አሳምኖ በዚያው ሌሊት ይሄዳል። መጨረሻቸው አንድ ፖሊስን ከድብ ጋር ጀርባ ለጀርባ አስረው ወንዝ ውስጥ መጣል ነው።

ከዲቃላነት ተነስቶ በአንድ ቀን የአባቱን ሀብት ይወርሳል፤ ከመሬቱ ጋር አብሮ የሚወረስ 40 ሺህ ገበሬ ጭምር። ወዲያው ትናንት ዞር ብሎ ያላየው ሁሉ ዘመድ ይሆንለታል። ኤለን የምትባል ቆንጆ ትቀርብለታለች። እንደማይወዳት ያውቃል፤ መጥፎ ነገር እንደሚሆን ይሰማዋል። ግን እንቢም አይልም፣ እሺም አይልም። በመጨረሻ አባቷ በሩን ከፍቶ ገብቶ፣ ልክ የጋብቻ ጥያቄ እንደቀረበ አድርጎ «እንኳን ደስ አላችሁ!» ብሎ ያቅፋቸዋል። ፒየርም ሰው ደስ ብሎት እያየ እንዴት ያሳፍር? ያገባታል።

ሚስቱን ጠረጠረ፤ ሽጉጥ ተኩሶ የማያውቅ ሰው ወደ ፍልሚያ ወጣ፤ አነጣጥሮ የማይስተውን ሰውዬ በአጋጣሚ አቆሰለና ከዚያ በኋላ በጸጸት ታመመ። አንድ ሽማግሌ መንገድ ላይ አግኝቶ ስለ ፍሪሜሶን ሲነግረው ተጠመቀ ማለት ይቻላል። አሁን ገባኝ፣ የሕይወት ትርጉም ይህ ነው አለ። በዚህ እሳት ኪየቭ አካባቢ ወዳለው ርስቱ ሄዶ ገበሬዎቹን ነፃ ላውጣ፣ ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት ልሥራ አለ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። የፖለቲካ ተንታኞቻችን በሙሉ እነዚህን ጥቂት ገጾች ቢያነቧቸው እወዳለሁ። የርስቱ ዋና ሹም ፒየር ምን ማየት እንደሚፈልግ ጠንቅቆ ያውቃል። ስለዚህ በየደረሰበት ዳቦና ጨው ይዘው የሚቀበሉ ገበሬዎች፣ ሕፃን አቅፈው የሚያመሰግኑ እናቶች፣ እየተገነቡ ያሉ የጡብ ሕንፃዎች ያሳየዋል። ፒየር እያለቀሰ ይመለሳል። ያላየው ምንድን ነው? ሕንፃዎቹን የሚሠሩት እነዚያው ገበሬዎች በተጨማሪ ጉልበት መሆኑን፣ በወረቀት ላይ የቀነሰው ሥራ በሌላ በኩል መጨመሩን፣ ከእርሻ ሥራ «ነፃ ወጡ» የተባሉት የሚያጠቡ እናቶች በየቤታቸው የባሰ ሥራ እንደተጫነባቸው። ቶልስቶይ ይህን የጻፈው የሩሲያ ገባሮች በ1861 በአዋጅ ነፃ ከወጡ ብዙም ሳይቆይ ነው፤ እሱም ራሱ ባለርስት ነበር። የሚናገረውን ያውቃል።

የምረቃ ሪባን ሲቆረጥ ያያችሁ ሁሉ ይህን ታውቁታላችሁ። እኔ ግን በዚያ ሌሊት የተናደድኩት በሹሙ አልነበረም። በፒየር ነው። «ሰውዬ፣ አንድ ቤት እንኳ ገብተህ ምን በላችሁ ብለህ ብትጠይቅ ምን አለበት?» ስልኬን የወረወርኩት ያኔ ነው።

* * *

ይህን መጽሐፍ የማውቀው ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው። ሳላነበው ማለቴ ነው። የዶርም ጓደኛዬ ሦስተኛ ዓመት ላይ ከቤተ መጻሕፍት ተውሶ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ ወፍራም ቅጂ፣ የፈተና ሰሞን ሳይቀር ያነብ ነበር። እኔም ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቴም ፒየር ኤለንን ሲያገባ ተውኩት። «ዋናው ሰው እንዲህ ዓይነት ጅል ከሆነ ምን ልጠብቅ?» አልኩት። ሳቀ። «ሰው ሁሉ እዚያ ጋ ነው የሚተወው» አለኝ። «ይህን ሰውዬ እስከ መጨረሻው ታገሠው።»

ጓደኛዬ የመቀሌ ልጅ ነው። እናቱ በአውቶብስ ተሳፋሪ እያስያዙ ቆሎና ህምባሻ ይልኩልን ነበር፤ «ለእሱ» ሳይሆን «ለእናንተ» ብለው። በስልክ ሲያገኙኝ «ወደይ» ነበር የሚሉኝ፤ ልጄ ማለት ነው። አማርኛቸው ብዙ አልነበረም፣ የእኔ ትግርኛ ደግሞ ከዚያች አንድ ቃል አያልፍም። ግን እንግባባ ነበር።

ወደ እሱ እመለሳለሁ። በቅድሚያ ፒየርን ልጨርስ።

* * *

ፒየር ከሁሉም በላይ የሚያናድደው ተስፋውን በየጊዜው ስለሚቀያይር ነው። መጀመሪያ ናፖሊዮን የአብዮቱ ልጅ፣ የነፃነት አምባሳደር ነበር። ቀጥሎ ፍሪሜሶን መጣ። ከዚያ ተስፋ ቆርጦ ክበብ ቤት ውስጥ መጠጣት። ከዚያ በ1812 ናፖሊዮን ራሱ ሩሲያን ሲወርር፣ ያ የትናንቱ ጀግና አውሬ ሆነ፤ የዮሐንስ ራእዩ አውሬ ቃል በቃል። አንድ የፍሪሜሶን ወንድም የፈረንሳይኛ ፊደላትን በቁጥር መንዝሮ «ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን» የሚለው 666 እንደሚሆን ያሳየዋል። ፒየር በዚህ ተደንቆ የራሱንም ስም መቁጠር ይጀምራል። አልመጣ ይለዋል። አጻጻፉን ይለውጣል፤ ማዕረጉን ይጨምራል፤ አይመጣም። በመጨረሻ «ሩሲያዊው ቤዙኾቭ» ብሎ በፈረንሳይኛ ሲጽፍ 671 ይሆንለታል። አምስት ትርፍ። አምስት ደግሞ «ኢ» የምትባለዋ ፊደል ናት። ሰዋስው ባይፈቅድም አንዷን ፊደል ቆርጦ ይጥላትና፣ እነሆ 666! ስለዚህ ናፖሊዮንን እንድገድል የተመረጥኩት እኔ ነኝ ይላል።

እዚህ ጋ ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ ቀነሰ። ምክንያቱም ይህን ዓይነት ስሌት አውቀዋለሁ። የምፈልገውን መልስ አስቀድሜ ይዤ አንዲት የማትመች ፊደል ስቆርጥ የኖርኩት እኔው ነኝና። በ2010 ዓ.ም. ሁሉም ነገር በስድስት ወር ይቀየራል ብዬ የጻፍኩትን ፌስቡክ በየዓመቱ «ትዝታ» እያለ ያመጣልኛል። ከዚያ ዓመት ቆይቶ ሁሉም ነገር አከተመ ብዬ የጻፍኩትንም ያመጣልኛል። ሁለቱም በእኩል እርግጠኝነት የተጻፉ ናቸው። በሁለቱም ላይ «ትክክል ብለሃል» የሚሉ አስተያየቶች አሉ፤ አንዳንዶቹ ከተመሳሳይ ሰዎች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የእኔ ደግሞ ተፈትቶም መሮጤን አላቆምኩም ነበር።

ልብ በሉ፤ በመጽሐፉ ውስጥ የማያናድዱ ሰዎችም አሉ። በርግ የሚባል መኮንን አለ። ንጹሕ፣ ሥርዓታም፣ ደመወዙንና ዕድገቱን አስልቶ የሚኖር። ሞስኮ ልትያዝ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ቁስለኛ ወታደር መንገድ ሞልቶ የሚጭነው ጋሪ ሲያጣ፣ በርግ አማቹ ቤት መጥቶ በርካሽ ያገኘሁት የሚያምር ቁም ሣጥን አለና ማጓጓዣ ሰው ስጡኝ ይላል። ሚስቱ እንዲህ ያለ ሣጥን ትመኝ ነበራ! ወጣቷ ናታሻ ሮስቶቫ ግን እናቷ ላይ ጮኻ የቤተሰቡ ዕቃ ከጋሪዎቹ ላይ ወርዶ ቁስለኞች እንዲጫኑ ታደርጋለች። በርግ ክፉ ሰው አይደለም። ግራ ተጋብቶ አያውቅም፣ በቃ። ሁለቱን ሳስተያይ፣ ፒየርን በርግ ቢሆን ኖሮ ብዬ አልተመኘሁም። ይህ የመጀመሪያው ለውጤ ነበር፤ ያናድደኛል፣ ግን አልቀይረውም።

* * *

ወደ ቦሮዲኖ ልውሰዳችሁ። ጦርነቱ በሩሲያ አቆጣጠር ነሐሴ 26 ቀን 1812 ነበር። ያኔ ሩሲያ እንደ እኛ ቤተ ክርስቲያን በአሮጌው አቆጣጠር ነበረችና ስመልሰው ጳጉሜን 3 ቀን 1804 ዓ.ም. ሆነልኝ፤ የሩፋኤል ዕለት። በዚያ አንድ ቀን ብቻ ከሁለቱ ወገን ወደ 70 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞቷል ወይም ቆስሏል። ፒየር ወታደር አይደለም። ግን ጦርነት ማየት ፈልጎ ነጭ ባርኔጣና አረንጓዴ ኮት ለብሶ መድፈኞቹ መሐል ይገባል። ሰው እየሞተ እሱ «ይቅርታ» እያለ ከዚህ ወደዚያ ይዞራል። ወታደሮቹ መጀመሪያ ይቆጡታል፤ ቆይተው «የኛ ጌታ» ብለው ይለምዱታል።

ተንታኝ ጦርነትን የሚያየው በካርታ ነው። ቶልስቶይ ያንን የሚያሳየው ሰው አጥቶ አይደለም፤ ናፖሊዮንም ኩቱዞቭም አሉት። ግን መድፍ ሲፈነዳ ምን እንደሚመስል እንድናይ የላከው የማይረባውን ሰውዬ ነው። ጄኔራሉ ስለ ውጤቱ ያስባል፤ ወታደሩ ትእዛዝ ይፈጽማል፤ ፒየር ብቻ ነው እያየ «ይህ ምንድን ነው?» የሚለው። እኔ ባለፉት ዓመታት ስለ ጦርነት ብዙ ጽፌያለሁ። «ይህ ምንድን ነው?» ብዬ የጠየቅኩበትን አንድ ጽሑፍ ፈልጌ አጣሁ። ሁሉም መልስ ነበር።

ከዚያ ፒየር ናፖሊዮንን ለመግደል ሞስኮ ይቀራል። ሽጉጥና ጩቤ ይዟል። ውጤቱን መገመት ትችላላችሁ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ፈረንሳዊ መኮንንን ከአንድ እብድ ጥይት ያድናል፤ ከዚያ አብሮት ቁጭ ብሎ ወይን ይጠጣል፤ ይባስ ብሎ የፍቅር ምስጢሩን ይነግረዋል። በማግስቱ ናፖሊዮንን ፍለጋ ሲወጣ ከተማው እየነደደ ነው። አንዲት ሴት «ልጄ ቤት ውስጥ ቀረች» እያለች ስታለቅስ ይሰማል። ሮጦ ሕፃኗን ያወጣል። ቀጥሎ ወታደሮች አንዲት አርመናዊት ሲዘርፉ አይቶ ይደባደባል፤ ይታሰራል። ናፖሊዮንን እንኳን ሊገድል ጠጋ ብሎም አላገኘውም።

ይህን ሳነብ «እሺ፣ ቶልስቶይ የሚለው ገባኝ» አልኩ። ታሪክ ልሥራ ሲል ይጃጃላል፣ ከፊቱ ያለውን ሰው ሲያይ ግን ሰው ይሆናል። እንዲህ ብዬ በዚሁ ቻናል ላይ የሆነ ጽሑፍ ልጽፍ ረቂቅ ጀምሬም ነበር። ደስ የሚል መደምደሚያ ነው። ሰባ ገጽ ያህል ቆይቶ መጽሐፉ ራሱ አፈረሰብኝ።

* * *

ፒየር እስረኛ ሆኖ በረሸና ሰልፍ ይቆማል፤ ስድስተኛ ተራ ላይ። አምስቱ ዓይኑ ሥር ይገደላሉ፤ እሱ እንዲያይ ብቻ እንደመጣ አያውቅም ነበር። ከዚያ በወሰዱት ጎጆ ውስጥ፣ በጨለማ፣ አንድ ሰው የተጠበሰ ድንች ከመሐል ቆርጦ ጨው ነስንሶ ይሰጠዋል። ፕላቶን ካራታዬቭ ይባላል፤ ተራ ገበሬ፣ ተራ ወታደር፣ በየአፍታው ምሳሌያዊ አነጋገር የሚያወራ፣ አንዲት ውሻ የምትከተለው። ፒየር ሃብቱም ፍልስፍናውም ያልሰጠውን ሰላም ከዚህ ሰውዬ ያገኛል።

ፈረንሳዮቹ ሲያፈገፍጉ እስረኞቹን እየነዱ ይወስዳሉ። መራመድ ያቃተው ይረሸናል። ካራታዬቭ ታመመ። አንድ ቀን ጠዋት ዛፍ ተደግፎ ተቀምጦ ፒየርን በእንባ ባቀረሩ ደግ ዓይኖቹ ያየዋል። ና የሚል ዓይን ነው፤ አንድ ነገር ሊለው ይፈልጋል። ፒየር አየው። ለራሱ ፈራ። ያላየ መስሎ ፈጠን ብሎ ሄደ።

ከኋላው ተኩስ ተሰማ። ፒየር ያን ጊዜ ያሰበው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? እስከ ስሞሌንስክ ስንት ጣቢያ እንደቀረው እየቆጠረ ነበርና፣ ቁጥሩን እንዳልጨረሰ ትዝ አለው። መቁጠሩን ቀጠለ። ውሻዋ አላዘነች።

ስልኬን አልወረወርኩም። አጥፍቼ አስቀመጥኩት። ሦስት ቀን አልነካሁትም፤ መጽሐፉን ማለቴ ነው።

* * *

አሁን ወደ ጓደኛዬ።

ለመጨረሻ ጊዜ የተደዋወልነው ጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። ያኔም በፖለቲካ አንግባባም ነበር፤ ግን ተጨቃጭቀን «እሺ በቃ፣ እማዬ ሰላም ብላሃለች» ብለን እንዘጋ ነበር። በዚያው ወር ጦርነቱ ጀመረ፤ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋረጠ። በተቋረጠበት ጊዜ እኔ ጻፍኩ። ብዙ ጻፍኩ። «ጦርነት ይቁም» የሚሉትን ሁሉ አንድ ከረጢት ውስጥ ከትቼ ያላገጥኩበት ጽሑፍ በሕይወቴ ብዙ ሰው የወደደልኝ ጽሑፍ ነው። ያንን ስጽፍ እሱን አላሰብኩትም ብል እዋሻለሁ። አሰብኩት። «እሱ አሁን አያየውም» ብዬም አሰብኩ።

በ2015 ዓ.ም. ታኅሣሥ አካባቢ መቀሌ ላይ ስልክ ተከፈተ። ኢንተርኔት ሲመለስ ከእሱ አንድ መልእክት መጣልኝ። እንዲህ ይላል፦ «ሰላም ነህ? ስልክ ተከፈተ። እኛ አለን። እማዬ ግን አርፋለች፤ ዓመት አለፋት።»

በቃ ይኸው ነው። ወቀሳ የለበትም። «ያን ጽሑፍህን አየሁት» አይልም። እናቱ ስኳር እንዳለባቸው አውቅ ነበር፤ ከዚያ ውጪ እንዴት እንደሆነ አልጠየቅኩም።

አልጠየቅኩም ብቻ ሳይሆን አልመለስኩም። አነበብኩት፤ ሁለቱ ምልክቶች ማንበቤን ነገሩት። ማታ እመልሳለሁ አልኩ። ማታ ምን ብዬ እንደምጀምር አጣሁ። በማግስቱ፣ ዛሬ ከመለስኩ ትናንት ለምን ዘገየህ ይለኛል አልኩ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ነገሩ የበለጠ ከበደ። አንድ ወር ሲሞላው መልእክቱን ወደ ማኅደር ገፋሁት፤ ስከፍት ፊት ለፊቴ እንዳይመጣ። በዚያው ሳምንት ስለ ብሔራዊ እርቅ አንድ ረጅም ጽሑፍ እዚህ ቻናል ላይ ለጥፌያለሁ። የቆያችሁ አባላት ታስታውሱት ይሆናል። ጥሩ ጽሑፍ ነው ብላችሁኝ ነበር። እስከ ስሞሌንስክ ስንት ጣቢያ እንደቀረ እየቆጠርኩ ነበር።

በእኛ አገር ለቅሶ አለመድረስ ምን ማለት እንደሆነ ልነግራችሁ አያስፈልገኝም። የተጣላ እንኳ ይደርሳል። እድር የተፈጠረው ለዚህ ነው። ህምባሻቸውን የበላሁ፣ «ወደይ» ያሉኝ እናት ሞተው፣ አንዲት «እግዚአብሔር ያጥናህ» የምትል ሁለት ቃል አልጻፍኩም። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ።

ፒየር ሲያናድደኝ የከረመው ስለሚጃጃል መስሎኝ ነበር። ጅልነቱ ግን የሚያስቅ ነገር ነው፤ ይቅር ይባላል። ያስፈራኝ ብልጥ የሆነበት አንድ ጠዋት ነው። ያን ጠዋት ፒየር አልተደናበረም። ያየውን በትክክል ተረድቶ፣ አስልቶ፣ ያላየ መሰለ።

* * *

ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሼ ቀጠልኩ። ቶልስቶይ ፒየርን ይቀጣዋል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። አይቀጣውም። ይቅርም አይለውም። ዝም ብሎ ይዞት ይሄዳል። ፒየር ነፃ ይወጣል፣ ናታሻን ያገባል፣ አራት ልጆች ይወልዳል። ካራታዬቭን ግን አይረሳም፤ ከዓመታት በኋላም ሚስቱ «እሱ ይህን ያደረግከውን ቢያይ ይስማማ ነበር?» ብላ ትጠይቀዋለች።

መጨረሻው ላይ ደግሞ፣ አታምኑኝም፣ እንደገና ያናድዳል። ዓመቱ 1820 ነው። ፒየር ከሴንት ፒተርስበርግ ተመልሶ፣ መንግሥት ተበላሽቷልና ደጋግ ሰዎች ማኅበር መሥርተን እጅ ለእጅ እንያያዝ ይላል። የሚስቱ ወንድም ኒኮላይ፣ ያው አብሮት ራት የበላ ሰው፣ መንግሥት ጦርህን ይዘህ ዝመትባቸው ካለኝ እናንተን ለመምታት ለአፍታም አላመነታም ብሎ ይመልስለታል። አንድ ቤት፣ አንድ ማዕድ፣ ፎቁ ላይ ልጆቻቸው ተኝተው። ከዚያ ሁሉም ወደ መኝታው ይሄዳል። የ15 ዓመት ልጅ ብቻ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ሰምቷል።

የዘመኑ አንባቢ ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል። ታኅሣሥ 1825 ላይ እንዲህ ያሉት ማኅበረተኞች ሴንት ፒተርስበርግ ላይ አመፁ፤ አምስቱ ተሰቀሉ፤ ከመቶ በላይ የሚሆኑት ወደ ሳይቤሪያ ተጋዙ። እንዲያውም ቶልስቶይ መጀመሪያ ሊጽፍ ያሰበው በ1856 ምሕረት ተደርጎለት ከሳይቤሪያ ስለሚመለስ አንድ ሽማግሌ ነበር። ያን ሽማግሌ ለመረዳት ወደ 1825 መመለስ ነበረበት፤ ያን ለመረዳት ወደ 1812፤ ያን ለመረዳት ወደ 1805። እንዲህ እያለ ወደኋላ ሲሄድ የ1805ቱን ሳሎንና ያንን መነጽራም ጎረምሳ አገኘ።

ይህን ሳውቅ ጓደኛዬ «ታገሠው» ያለኝ ገባኝ። ቶልስቶይ አንድን ሰው ከመፍረዱ በፊት ወደኋላ ሃምሳ ዓመት ሄዶ፣ ስድስት ዓመት ያህል ጽፎ፣ 1,200 ገጽ ሰጠው። እኔ ለአንድ ሰው አራት መስመር መልእክት መስጠት አቃተኝ።

* * *

መስከረም ላይ ደወልኩ። መልእክት አልጻፍኩም፤ መልእክት መሰረዝና ማሳመር ይቻላል። ሦስት ጊዜ ጠርቶ አነሳው። ስሜን ጠራና ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። «እግዚአብሔር ያጥናህ» አልኩት። «አሜን» አለ። ቀጥሎ «ቆየህ» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር።

ይቅርታ ጠየቅኩት። የጻፍኩትንም አነሳሁ። «አይቼዋለሁ» አለኝ። ሌላ ነገር አልጨመረም፤ «ችግር የለውም» አላለኝም። ልጆቹን ጠየቅኩ፤ የእኔን ጠየቀ። ልንዘጋ ስንል «ስልክ ተዘግቶ እያለ እማዬ ሁለት ሦስቴ ጠይቃሃለች» አለኝ። «ያ ልጅ እዚያ ደህና ነው ወይ? ትል ነበር።»

እሳቸው ተከበው እያሉ እኔ አዲስ አበባ ደህና መሆኔን ይጠይቁ ነበር።

ስለ መጽሐፉ አላነሳሁለትም፤ ጊዜውም አልነበረም። ታርቀናል አልላችሁም። በየሁለት ሳምንቱ ይደዋወላሉ ብላችሁ ጻፉት። አንዳንዴ እሱ አያነሳም፤ መብቱ ነው። ፖለቲካ አሁንም አንግባባም፤ ኒኮላይና ፒየር አልተግባቡም።

ለእናቴ ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ «ታዲያ ሄደህ አልቅስ እንጂ በስልክ ለቅሶ አለ እንዴ?» አለችኝ። «ዓመታት አልፈውማል» ስላት፣ «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» አለች። ከጥምቀት በኋላ ለመሄድ ትኬት ቆርጫለሁ። እናቴም እሄዳለሁ ብላለች፤ ቆሎ እየቆላች ነው።

ይህን ቻናል የምትከታተሉ ሰዎች ስለ አገር ብዙ የምታስቡ ናችሁ፤ ይህን አላሳንስም፣ እኔም መጻፌን አልተውም። ግን ማኅደር ውስጥ የገፋችሁት አንድ መልእክት ካለ፣ የእኔን ቀጣይ ጽሑፍ ከማንበባችሁ በፊት እሱን ክፈቱት።

ቸር እንሰንብት።